የምስራቅ አፍሪካ አየር መንገድን የዘጋው የቦሌው አደጋ አይደለም

ጥያቄው፦ «አባቴ በ1960ዎቹ ቦሌ ኤርፖርት ይሠሩ ነበር። የምስራቅ አፍሪካ አየር መንገድ የሚባል ድርጅት ቦሌ ላይ አውሮፕላን ተከስክሶበት ከዚያ ወዲህ እንዳላገገመ ይነግሩን ነበር። ሌሎች ደግሞ ያፈረሰው ኢዲ አሚን ነው ይላሉ። ስሙን ቀይሮ ኬንያ ኤርዌይስ የሆነው ያው ድርጅት ነው የሚልም ሰምቻለሁ። የቱ ነው ትክክል? አሁን ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ የኢጋድ አገሮች የጋራ አየር መንገድ ያቋቁሙ የሚል ሐሳብ ላቀርብ አስቤያለሁ። ያዋጣል?»

ሦስቱም ትክክል አይደሉም። አባትዎ ስለ አደጋው የነገሩዎት ግን እውነት ነው፤ የተሳሳተው መደምደሚያው ብቻ ነው። ከዚህ በታች ዓመታቱን የምጠራው በፈረንጆቹ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም. ብዬ እጽፋለሁ።

ከአደጋው ልጀምር። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1964 ዓ.ም. ነበር፤ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 18 ቀን 1972። በረራ ቁጥር 720 ከናይሮቢ ተነሥቶ ቦሌ አርፏል። ቀጥሎ ወደ ሮም፣ ከዚያ ወደ ለንደን ነው የሚሄደው። አውሮፕላኑ ሱፐር ቪሲ-10 ይባላል። እንግሊዝ የተሠራ፣ አራቱም ሞተሮቹ ከኋላ ጅራቱ ሥር የተገጠሙ ጄት ነው። 96 መንገደኞችና 11 የበረራ ሠራተኞች ተሳፍረዋል። ከመንገደኞቹ ብዙዎቹ የፋሲካ ዕረፍታቸውን ከወላጆቻቸው ጋር አሳልፈው እንግሊዝ ወዳለው ትምህርት ቤታቸው የሚመለሱ ልጆች ነበሩ።

አብራሪዎቹ መንደርደሪያው ላይ የሞቱ ወፎች አዩና ተናገሩ። ሰው ተልኮ ወፎቹ ተነሡ። ከዚያ መንደርደር ጀመሩ። ማንም ያላየው ግን ሌላ ነገር ነበር። ቀደም ብላ ከተነሣች ትንሽ ሴስና አውሮፕላን የወደቀ፣ ክሪክ የሚደገፍበት ቁራጭ ብረት መንደርደሪያው ላይ ተጋድሟል። የፊት ጎማው ረገጠውና ፈነዳ። አውሮፕላኑ በኃይል መንቀጥቀጥ ሲጀምር ካፒቴኑ መነሣቱን ሰርዞ ፍሬን ያዘ። ማድረግ ያለበትን ሁሉ በደንቡ መሠረት አድርጓል። ፍሬኑ ግን በሙሉ አቅሙ አልያዘም። መንደርደሪያው አለቀ። አውሮፕላኑ ጫፉን አልፎ ሄዶ ክንፉ የመብራት ተሸካሚ የብረት ማማ መታ። የፈሰሰው ነዳጅ በእሳት ተያያዘ። ከዚያ ዝቅ ወዳለው መሬት ወድቆ ተሰባበረ። 43 ሰዎች ሞቱ።

ምርመራው ዋናውን ጥፋት ያገኘው ፍሬኑ ላይ ነው። ለጥገና የተፈታ የፍሬኑ ክፍል መልሶ ሲገጠም በስሕተት ነበር የተገጠመው። ስለዚህ «ወፎቹ ናቸው ያደረሱት» ወይም «የቦሌ ከፍታ ነው» የሚል ካጋጠመዎት አይቀበሉ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አውሮፕላን ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ግን ቪሲ-10 ከመጀመሪያውም የተሠራው ለሞቃትና ለከፍተኛ ቦታ ነው። ናይሮቢም፣ አዲስ አበባም ቤቱ ናቸው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። አየር መንገዱ ከዚህ አደጋ በኋላ በቀሩት አራት ቪሲ-10ዎች ወደ አምስት ዓመት ገደማ በርሯል። በአደጋ የሚዘጋ ድርጅት ቶሎ ነው የሚዘጋው። ይሄኛው የተዘጋበት ምክንያት ሌላ ነው፤ አደጋው ሲደርስም ምክንያቱ ሥር ሰድዶ ነበር።

ድርጅቱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እኩያ ነው። የእኛ የተመሠረተው ዲሴምበር 21 ቀን 1945 ሲሆን የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው ኤፕሪል 8 ቀን 1946 ነው። የምስራቅ አፍሪካው በመሃል፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1946 ሥራ ጀመረ። መነሻው ስድስት ድራገን ራፒድ ነበሩ፤ ባለ ድርብ ክንፍ፣ ከእንጨትና ከጨርቅ የተሠሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች። በ1957 ለንደን መብረር ጀመረ። በ1960 ኮሜት ጄት አስገባ። የእኛው ቦይንግ 720 የመጣው በ1962 መጨረሻ ስለሆነ በጄት ቀድሞናል ማለት ነው። በ1966 ደግሞ ሱፐር ቪሲ-10 መረከብ ጀመረ። በታሪክ መጨረሻ የተሠራችው ቪሲ-10 ራሷ በ1970 የተረከበችው ለእነሱ ነው። ደካማ ድርጅት አልነበረም፤ ይህን ሳይያዙ ውድቀቱን ማስረዳት አይቻልም።

ባለቤቶቹ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ እንዲሁም ኋላ ተዋሕደው ታንዛኒያ የሆኑት ታንጋኒካና ዛንዚባር ናቸው። የአክሲዮኑ ሁለት ሦስተኛ ያህል የኬንያ ነበር። በቅኝ ግዛቱ ዘመን ይህ ማንንም አላስጨነቀም። ከሁሉም በላይ አዛዡ ለንደን ነው። ገንዘቡም አንድ ነው፤ የምስራቅ አፍሪካ ሽልንግ ሦስቱም አገር ውስጥ ይሠራል። ካምፓላ የተሸጠ ትኬት ናይሮቢ ላይ ነዳጅ ይገዛል። ማንም ማንንም አያስፈቅድም።

ነጻነት ሲመጣ የአየር መንገዱ መልክ በደንብ ተስተካከለ። አውሮፕላኖቹ ሳይቀሩ ተከፋፍለው ተመዘገቡ። 5ኤክስ ብሎ የሚጀምር ቁጥር የኡጋንዳ፣ 5ኤች የታንዛኒያ፣ 5ዋይ የኬንያ ነው። ቦሌ ላይ የተቃጠለው 5ኤክስ-ዩቪኤ፣ ማለትም በኡጋንዳ የተመዘገበ ነበር። በ1967 የተፈረመው የካምፓላ ውል የምስራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብን አቋቁሞ አየር መንገዱን፣ ባቡሩን፣ ወደቡንና ፖስታውን በአንድ ጣሪያ ሥር አደረገ። ወረቀቱን ቢያነቡት የሚያስቀና ነው።

ችግሩ ከውሉ አንድ ዓመት በፊት የሆነው ነገር ነው። በ1966 የጋራ ሽልንጉ ቀርቶ እያንዳንዱ አገር የራሱን ማዕከላዊ ባንክና የራሱን ሽልንግ አወጣ። ቀስ በቀስ ደግሞ እያንዳንዱ የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥር አጠበቀ። የምመልስልዎት ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

ዳሬሰላም ያለ ነጋዴ የለንደን ትኬት ሲገዛ የሚከፍለው በታንዛኒያ ሽልንግ ነው። ገንዘቡ ዳሬሰላም ባንክ ይገባል። አየር መንገዱ ግን ወጪው ሌላ ቦታ ነው። መለዋወጫውና የአውሮፕላኑ ዕዳ በፓውንድ ይከፈላል። ነዳጁ የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል። የጥገና ሠራተኛው ደመወዝ ናይሮቢ፣ በኬንያ ሽልንግ ነው። የዳሬሰላሙ ገንዘብ ወደ ናይሮቢ እንዲሄድ የታንዛኒያ ባንክ መፍቀድ አለበት። ካምፓላም እንዲሁ። ምንዛሪ ሲጠፋ ፈቃዱ ይዘገያል፤ ሲብስ ይቀራል። በዕቁብ ቢያስቡት ይቀላል፦ ሰብሳቢው ናይሮቢ ተቀምጧል፣ ዕቁብተኞቹ «ከፍለናል፣ ባንክ ውስጥ ነው» ይላሉ፣ ዕጣው የወጣለት ግን ባዶ እጁን ይቀራል። መዝገብ ላይ ገቢ አለ። ካዝና ውስጥ ግን የለም።

ኬንያ «የምከፍለው እኔ ነኝ፣ እነሱ ያዙብኝ» ማለት ጀመረች። ታንዛኒያና ኡጋንዳ የሚመልሱት ነበራቸው፤ መልሳቸውም ውሃ የማያነሳ አልነበረም። ዋናው መሥሪያ ቤት ናይሮቢ ነው። የጥገና ሃንጋሩ እምባካሲ፣ የናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ሥራው፣ ሥልጠናው፣ ሆቴሉ፣ ቱሪስቱ ሁሉ እዚያው ነው። ውሉ ወደቡን ለዳሬሰላም፣ ፖስታውን ለካምፓላ ሲሰጥ አየር መንገዱን ከናይሮቢ አልነቀለውም። በዚያ ላይ የአገር ውስጥ መስመር አለ። ታንዛኒያ ሰፊ አገር ናት፤ ሩቅ ያሉ ከተሞቿ ፎከር ፍሬንድሺፕ በሚባል አውሮፕላንና በአሮጌ ዳኮታ ይገናኛሉ። ያ መስመር ያከስራል። ኬንያ ኪሳራውን መሸከም ሰለቻት። ታንዛኒያ ደግሞ ለዚህ አይደል እንዴ የጋራ ድርጅት ያቋቋምነው አለች። እኔን ከጠየቁኝ ሁለቱም እውነት አላቸው። የጎደለው ማን ምን ያህል እንደሚከፍል ቀድሞ የተጻፈ ቀመር ነው።

ኢዲ አሚን የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ጃንዋሪ 25 ቀን 1971 ኡጋንዳ ውስጥ ሥልጣን ያዘ። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ከእሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ አልቀመጥም አሉ። የማኅበረሰቡ የመጨረሻ ውሳኔ ሰጪ ሦስቱ ፕሬዚዳንቶች አንድ ላይ የሚቀመጡበት ጉባኤ ነበር። ያ ጉባኤ ከዚያ ወዲህ አልተሰበሰበም። ስለዚህ አሚን አየር መንገዱን አላፈረሰም፤ የእሱ መምጣት ዳኛውን ነው ያሳጣው። የገንዘብ ክርክሩ ከእሱ በፊት ነበር፣ እሱ ባይመጣም ይቀጥል ነበር። ዳኛ ሲጠፋ ግን በደብዳቤ ያልቅ የነበረው ነገር ሁሉ እየተካረረ ሄደ። በ1973 የነዳጅ ዋጋ ናረ። አራት ሞተር ያለው ቪሲ-10 ለመንገደኛው ምቹ ነው፤ ነዳጅ ሲጠጣ ግን ለጉድ ነው። ከዚያ ያለው ታሪክ የዕዳ ታሪክ ነው፣ በዝርዝር አልገባበትም።

መጨረሻው ፈጣን ነበር። ኡጋንዳ የራሷን ኡጋንዳ ኤርላይንስ ያቋቋመችው በ1976፣ ገና የጋራው ሳይዘጋ ነው። ኬንያ ጃንዋሪ 22 ቀን 1977 ኬንያ ኤርዌይስን መሠረተች። በዚያው ወር መጨረሻ አካባቢ የጋራው አየር መንገድ በረራ ቆመ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን ኬንያ ኤርዌይስ ከእንግሊዝ ኩባንያ በተከራያቸው ሁለት ቦይንግ 707 በረራ ጀመረ። ያኑ ዕለት ታንዛኒያ ከኬንያ ጋር ያላትን ድንበር ዘጋች። ቱሪስት ይዘው የገቡ የኬንያ መኪኖችና ትንንሽ አውሮፕላኖች እዚያው ተያዙ። ድንበሩ የተከፈተው በ1983 ነው። ማርች ላይ ኤር ታንዛኒያ ተቋቋመ። እዚህ አዲስ አበባ ስለዚህ ብዙም የማይታወሰው ለምን እንደሆነ መገመት አያቅትም። ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ቤተ መንግሥት ውስጥ የተገደሉት ድንበሩ በተዘጋበት ዕለት ዋዜማ ነው፤ ማን ስለ ናይሮቢ አውሮፕላን ያስባል።

እንግዲህ ኬንያ ኤርዌይስ ያው ድርጅት አይደለም። ብዙ ሠራተኛ ወርሷል፣ እምባካሲን ወርሷል። ዕዳውንና ስሙን ግን አልወረሰም። በሕግ አዲስ ኩባንያ ነው። የአሮጌው ንብረትና ዕዳ ለብቻው እንዲጣራ ተደርጎ ከሌሎቹ የጋራ ንብረቶች ጋር አከራከረ። የስዊዝ ዲፕሎማቱ ቪክቶር ኡምብሪክት ለዓመታት ሲያሸማግሉ ቆይተው የክፍፍሉ ስምምነት የተፈረመው ሜይ 14 ቀን 1984 አሩሻ ላይ ነው። የማኅበረሰቡ ንብረትና ዕዳ ለኬንያ 42፣ ለታንዛኒያ 32፣ ለኡጋንዳ 26 በመቶ ተከፈለ። ለመለያየት ብቻ ሰባት ዓመት ማለት ነው። ሠራተኞቹ የጡረታ መብታቸውን ለማስከበር የተከራከሩት ደግሞ ከዚህም ዘልቆ ነው። አራቱ ቪሲ-10ዎች ወደ እንግሊዝ ተመልሰው የአየር ኃይሉ ነዳጅ ጫኝ ሆኑ። ለሌላ አውሮፕላን አየር ላይ ነዳጅ እየቀዱ እስከ 2013 ድረስ የበረሩ አሉባቸው። አውሮፕላኖቹ ከድርጅቱ በላይ 36 ዓመት ኖሩ፤ ስለዚህ «አውሮፕላናቸው አርጅቶ ነው» የሚለውንም ከጽሑፍዎ ያውጡ።

አሁን ወደ መመረቂያ ጽሑፍዎ። የጋራ አየር መንገድ በባሕሪው አይሠራም ማለት አይቻልም። ስካንዲኔቪያን ኤርላይንስ የተመሠረተው በዚያው በ1946 ነው። ስዊድን ከሰባት ሦስት፣ ዴንማርክና ኖርዌይ ከሰባት ሁለት ሁለት ይዘው ለአሥርት ዓመታት አብረው ቆዩ። ኖርዌይ ድርሻዋን ሸጣ የወጣችው በ2018 ነው። ልዩነቱ ሦስቱም የየራሳቸውን ኩባንያ ሳያፈርሱ በላዩ ላይ ማጣመራቸው፣ ድርሻውም ለሁሉም ነገር እንደ ቀመር ማገልገሉ ነው። ገልፍ ኤርን ደግሞ አረብ አገር የሠራ ወገን ሁሉ ያውቀዋል። ከ1974 ጀምሮ የባሕሬን፣ የኳታር፣ የአቡ ዳቢና የኦማን እኩል ንብረት ነበር። ኳታር ወጣች፣ አቡ ዳቢ ወጣች፣ በ2007 ኦማን ወጣች። ዛሬ የባሕሬን ብቻ ነው፤ ግን አለ። ባለቤቶቹ አንድ በአንድ ስለወጡ ድርጅቱ ተረፈ። በሌላ በኩል ኤር አፍሪክን ይመልከቱ። በ1961 አሥራ አንድ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች አቋቋሙት። ገንዘባቸው የጋራው ሴፋ ፍራንክ ስለሆነ የእነ ናይሮቢ ዓይነት ችግር አልነበረባቸውም። በ1994 ግን ሴፋው በግማሽ ወረደና የውጭ ዕዳቸው እጥፍ ሆነ። በ2002 ተዘጋ። ስለዚህ የጋራ ገንዘብ ብቻውን መድኃኒት ነው ብለው አይጻፉ።

የትኬት ገንዘብ አገር ውስጥ ታግዶ መቅረቱን የድሮ ነገር አድርገው እንዳያዩት። ኤሚሬትስ በ2022 ወደ ናይጄሪያ መብረር ያቆመው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የተመለሰው በ2024 ነው። እንግዲህ ኢጋድ ውስጥ ያሉትን ገንዘቦች ይቁጠሩ፦ ብር፣ የኬንያ ሽልንግ፣ የኡጋንዳ ሽልንግ፣ የሶማሊያ ሽልንግ፣ የጅቡቲ ፍራንክ፣ ሁለቱ የሱዳን ፓውንዶች። ከእነዚህ በዶላር የታሰረው የጅቡቲ ፍራንክ ብቻ ነው። ሌሎቹን በአንድ ካዝና አስቀምጡ ማለት ቀላል አይደለም። በዚያ ላይ ኢትዮጵያና ኬንያ የየራሳቸው ትልቅ አየር መንገድ አላቸው። የትኛው መንግሥት ነው የራሱን አፍርሶ የሚሰጠው? የእኛው አይሰጥም፣ መስጠትም የለበትም።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው። የመንግሥታት የጋራ አየር መንገድ ይቋቋም ብለው አያቅርቡ። በምትኩ በረራ ይከፈት የሚለውን ያቅርቡ፤ ማለትም ማንኛውም የአካባቢው አየር መንገድ በማንኛውም ሁለት ከተሞች መሃል ያለ ገደብ መንገደኛ ያመላልስ። የአፍሪካ አገሮች የአየር ገበያቸውን እርስ በርስ ለመክፈት የተስማሙበት የያሙሱክሮ ውሳኔ ከ1999 ጀምሮ አለ። የአፍሪካ ኅብረት ነጠላ የአየር ትራንስፖርት ገበያም በጃንዋሪ 2018 እዚሁ አዲስ አበባ ታውጇል። የቀረው ማስፈጸም ነው፤ ጽሑፍዎ እዚያ ላይ ቢያተኩር ይጠቅማል። ሽርክና ካስፈለገ ደግሞ አብነቱ ቅርብ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ ላይ በ2010 በረራ በጀመረው አስካይ በተባለ አየር መንገድ ውስጥ ባለድርሻና የቴክኒክ አጋር ሆኖ ገብቷል። በማላዊም ድርሻ ይዟል። አንድ ሥራውን የሚያውቅ አጋር አለ፣ ድርሻው የታወቀ ነው፣ መውጣት የፈለገ ይሸጣል። ይህም ቢሆን ዋስትና አይሆንም። የአስተናጋጁ አገር ፖለቲካ ሲለወጥ ወይም ምንዛሪ ሲያጥር ሽርክናውም ይታመማል። ይህን ገደብ ጽሑፍዎ ውስጥ በግልጽ ያስፍሩ፤ ፈታኞችዎም መጠየቃቸው አይቀርም።

አማካሪዎ የጋራ ባለቤትነቱ ይቅረብ ብለው አጥብቀው ከያዙ፣ ሦስት አንቀጾች ሳይኖሩ እንዳያቀርቡ። አንደኛው የትኬት ሽያጭ በየሳምንቱ ከአገሩ ወጥቶ በጠንካራ ገንዘብ አንድ ሒሳብ ውስጥ እንዲገባ የሚያስገድድ ነው፤ የዘገየ አገር በረራው እንዲቀነስበት። ሁለተኛው የሚያከስር የአገር ውስጥ መስመር የፈለገ መንግሥት ኪሳራውን ከራሱ በጀት እንዲከፍል። ሦስተኛው የመውጫ ቀመር ነው፦ ማን ሲወጣ ምን ይዞ እንደሚወጣ፣ ዕዳውን ማን እንደሚሸከም፣ ሠራተኛውና ጡረታው ምን እንደሚሆን፣ ካልተስማሙ ማን እንደሚዳኝ። ዳኛው ፕሬዚዳንቶቹ መሆን የለባቸውም።

ስለ ምንጭ አንድ ጥንቃቄ። የሦስቱን አገሮች የ1975፣ 76 እና 77 ጋዜጦች ካገላበጡ እያንዳንዱ ሌላው ያለበትን ዕዳ ይጽፋል እንጂ የራሱን አያነሣም። አንዱን ብቻ ጠቅሰው ቁጥር እንዳያስገቡ። ከኡምብሪክት ሽምግልናና ከ1984ቱ ስምምነት ይጀምሩ፣ ጋዜጦቹን ከዚያ በኋላ ያመሳክሩ። የቦሌውን አደጋ ደግሞ ለብቻው፣ እንደ ጥገና ስሕተት ታሪክ ይያዙት። አባትዎ በሕይወት ካሉ ያዩትን በድምፅ ቢቀዱ ጥሩ ነው፤ ለምርምሩ ሳይሆን ለቤተሰብዎ።